በቁም የተሰቀለ ያጊ አንቴና እና የብረት ምሰሶ፦ ጨረሩን ሳያበላሹ ለመትከል ዝርዝር መመሪያ

የሁለት ሜትር ባንድ (የአማተር ሬዲዮ 145 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ያጊ አንቴና፣ ማለትም በአንድ ቱቦ ላይ የተደረደሩ ዘንጎች ያሉት አቅጣጫዊ አንቴና፣ ዘንጎቹ አግድም ሆነው ሲሰቀል የብረት ምሰሶ ብዙም አያስቸግረውም። ያንኑ አንቴና 90 ዲግሪ አዙራችሁ ዘንጎቹን በቁም ስታደርጓቸው ግን ምሰሶው ከዘንጎቹ ጋር ትይዩ ይሆንና ማንም ያልጨመረው ተጨማሪ ዘንግ ሆኖ አንቴናው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ እጃችሁ ላይ ያለው አምራቹ በወረቀት ያሰፈረው አንቴና አይደለም። የባሰው ደግሞ የኤስደብሊውአር መለኪያው (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚያሳየው፣ 1 ፍጹም ነው) ምንም እንዳልተፈጠረ ሊያሳያችሁ መቻሉ ነው። ብዙ ሰው 1.3 አንብቦ ደስ ብሎት ከጣሪያ ይወርዳል፤ ጨረሩ (አንቴናው ሞገድ የሚልክበት አቅጣጫና ቅርጽ) ግን ለሁለት ተከፍሏል፣ ወይም ወደ ጎን ዞሯል፣ ወይም ፊት ለፊቱ ጎድሏል።

ቁጥሮቹን የምሰጠው ለ145 እና ለ435 ሜጋኸርዝ ነው። በሌላ ባንድ የምትሠሩ በሞገድ ርዝመት አስልታችሁ ልትወስዷቸው ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፦ በቁም መስቀል ያስፈልጋችኋል ወይ?

የኤፍኤም ሬፒተሮች (ሲግናል ተቀብለው መልሰው የሚያሰራጩ ጣቢያዎች)፣ የመኪና አንቴናዎችና የእጅ ሬዲዮዎች ሁሉ በቁም ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዳቸው በቁም ሆኖ፣ ነው የሚሠሩት። የእናንተ አንቴና አግድም ከሆነ በቀጥታ በሚተያይ መስመር ላይ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ልታጡ ትችላላችሁ፤ ይህም ከመቶ እጅ ኃይል አንዱ ብቻ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ለሬፒተርና ለኤፍኤም ወሬ በቁም መስቀል ግዴታ ነው።

በአንጻሩ ሥራችሁ ኤስኤስቢ (ከኤፍኤም የተለየ የድምፅ ስርጭት ዘዴ) ወይም ሞርስ ብቻ ከሆነ፣ አውሮፓ ላይ በ144.300 አሜሪካ ላይ በ144.200 አካባቢ የሚያወራው ሰው በአግድም ነው የሚሠራው። እናንተም በአግድም ስቀሉና ይህን ሁሉ ጣጣ ተገላገሉ።

ምሰሶው ለምን ይረብሻል?

ያጊ አንቴናን በጃፓን ሴንዳይ ከተማ ሺንታሮ ኡዳ እና ሂዴትሱጉ ያጊ በ1926 ለዓለም ሲያስተዋውቁ ትልቁ ነገር ኬብል የሚገናኘው ከአንድ ዘንግ ጋር ብቻ መሆኑ ነበር። ሌሎቹ ዘንጎች በሽቦ አይመገቡም። ከአየሩ ላይ ሞገድ ይቀበላሉ፣ ውስጣቸው የኤሌክትሪክ ጅረት ይነሳል፣ መልሰው ያሰራጫሉ። ከኋላ ያለው ትንሽ ረዘም ያለ ዘንግ ሪፍሌክተር ሆኖ ይመልሳል፤ ከፊት ያሉት አጠር ያሉት ዳይሬክተሮች ሆነው ወደፊት ይስባሉ። የመላው አንቴና ብቃት በእነዚህ ጅረቶች መጠንና ሰዓት ላይ የቆመ ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ሞገዱ የትኛው ብረት ዘንግ፣ የትኛው ምሰሶ እንደሆነ አይለይም። ከዘንጎቹ ጋር ትይዩ የቆመ ረጅም ብረት ካገኘ እዚያም ላይ ጅረት ያስነሳል፤ ያ ጅረት በራሱ መጠንና በራሱ ሰዓት መልሶ ያሰራጫል። ምሰሶው በኬብሉ ዘንግና በመጀመሪያዎቹ ዳይሬክተሮች መካከል ሲያልፍ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል፤ የሞገዱ መስክ እዚያ ብርቱ ነውና። አንቴናው አግድም ሲሆን ግን ምሰሶው የዘንጎቹን መሃል በመስቀለኛ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። የግራው ግማሽ የሚያስነሳውን የቀኙ ግማሽ ያጠፋዋል፣ ምሰሶው ላይ የሚቀር ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከዚህ በመነሳት ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ አራት «መፍትሔዎች» ለምን እንደማይሠሩ ልንገራችሁ። ቀጭን ቧንቧ መጠቀም አይረዳም፤ ቀጭን ሽቦም ቢሆን ትይዩ ከቆመ ጅረት ይሸከማል። ምሰሶውን ቀለም መቀባት ወይም በፕላስቲክ መጠቅለል አይረዳም፤ ጉዳዩ የመስክ እንጂ የመነካካት አይደለም። በተመሳሳይ ምክንያት ቡሙን፣ ማለትም ዘንጎቹን የሚሸከመውን አግዳሚ ቱቦ፣ ከምሰሶው በጎማ መለየት አይረዳም። ምሰሶውን ከመሬት ጋር ማገናኘት ለመብረቅ ጥሩ ነው፣ ለጨረሩ ግን ምንም አይለውጥም።

ደረጃ 1፦ የሞገዱን ርዝመት አስሉ

300ን በሜጋኸርዝ አካፍሉ፣ መልሱ በሜትር ነው። ለ145 ሜጋኸርዝ ሙሉው ሞገድ 2.07 ሜትር፣ ግማሹ 1.03 ሜትር፣ ሩቡ 52 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለ435 ደግሞ 69፣ 34 እና 17 ሴንቲሜትር። እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ከዚህ በታች ያለው ርቀት ሁሉ በእነርሱ ነው የሚለካው።

ደረጃ 2፦ በቁም የቆመ ብረት ሁሉ ቁጠሩ

ጣሪያው ላይ ውጡና አንቴናው ከሚቆምበት ቦታ ዙሪያውን ተመልከቱ። ምሰሶው አንድ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። የሮቶ ማስቀመጫው የቱቦላሬ እግር፣ የጎረቤት የዲሽ ቧንቧ፣ ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ አሸንዳ፣ ምሰሶውን የሚወጥሩት የብረት ሽቦዎች፣ ለሚቀጥለው ፎቅ ተብሎ ከኮለን ላይ የቀረው ፌሮ። በተለይ ይህ የመጨረሻው አዲስ አበባ ውስጥ ያልተጨረሰ ፎቅ ላይ አንቴና ለሚተክል ሰው ቀላል አይደለም፤ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ፌሮ ለ145 ሜጋኸርዝ ልኩን የጠበቀ ሪፍሌክተር ነው።

ከአንቴናው ፊት ለፊት በአንድ ሞገድ ርቀት ውስጥ የቆመ ብረት ካለ ቦታ ቀይሩ ወይም አንቴናውን ከፍ አድርጉት። የመወጠሪያ ሽቦውን በናይሎን ወይም በፖሊስተር ገመድ ተኩት። ዘንበል ያለ ሽቦም ቢሆን በከፊል በቁም ያለ ብረት ነው።

ደረጃ 3፦ የአሰቃቀል ዘዴ ምረጡ

አራት መንገዶች አሉ። እንደ እኔ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ይበቃል፤ አንቴናው ረጅም ከሆነ ሁለተኛው።

ዘዴ ሀ፣ ከኋላ መያዝ። ቡሙ ከሪፍሌክተሩ አልፎ ወደ ኋላ ይረዝማል፣ ምሰሶውም እዚያ ጫፍ ላይ ይይዘዋል። ሪፍሌክተሩ ጀርባ መስኩ ደካማ ስለሆነ ምሰሶው ብረት ቢሆንም የሚያገኘው ጥቂት ነው። ከሪፍሌክተሩ እስከ ምሰሶው ሩብ ሞገድ ያህል ተዉ፦ ለ145 ግማሽ ሜትር፣ ለ435 ከ17 እስከ 20 ሴንቲሜትር። ከዚያ አጠር አድርገው የሚሸጡ አምራቾችም አሉ፣ አንቴናውን የነደፉት ምሰሶውን አስበው ከሆነ ይሠራል።

የዚህ ዘዴ ዕዳ የሜካኒክ ነው። ክብደቱ ሁሉ በአንድ ወገን ይንጠለጠላል፣ ነፋስም ምሰሶውን ለማዞር ይታገላል። ሦስት ወይም አምስት ዘንግ ላለው፣ ቡሙ ከሁለት ሜትር ለማይበልጥ አንቴና ሁለት ጠንካራ ዩ ብሎኖችና ወፍራም ላሜራ ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቡሙ ያጎነብሳል፤ ደጋፊ ያስፈልገዋል። ደጋፊውን ከምሰሶው ጫፍ በገመድ ስቡት፣ ወይም ከታች በፋይበርግላስ ዘንግ ደግፉት። የብረት ደጋፊ ከታች በሰያፍ ከሰጣችሁት ያባረራችሁትን ብረት በጓሮ በር መለሳችሁት ማለት ነው። አንቴናውን የሚያዞር ሞተር ካለ ከምሰሶው ኋላ የክብደት ማመጣጠኛ ጨምሩ።

ዘዴ ለ፣ የምሰሶውን ጫፍ ከብረት ውጪ ማድረግ። ረጅም ያጊ መሃሉ ላይ መያዝ ካለበት ምሰሶው በዘንጎቹ መካከል ማለፉ አይቀርም፤ ስለዚህ ያ ክፍል ብረት መሆን የለበትም። ስንት ሜትር? የዘንጉ የታችኛው ጫፍ ከቡሙ ግማሽ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከዚያ ጫፍ እስከ ብረቱ መጀመሪያ ቢያንስ ግማሽ ሞገድ፣ ማለትም አንድ ሜትር፣ ተዉ። ለ145 ሜጋኸርዝ ከቡሙ እስከ ብረቱ 1.5 ሜትር ሆነ፤ ከብረቱ ጋር የሚደራረበውን 50 ሴንቲሜትር ስትጨምሩ የ2 ሜትር ቁራጭ ትገዛላችሁ። ለ435 ሜጋኸርዝ በአንድ ሜትር ቁራጭ ሥራው ያልቃል።

የሚመረጠው ቁስ ወፍራም ግድግዳ ያለው ፋይበርግላስ ቱቦ ነው። ስትገዙ ካርቦን ፋይበር አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ለዚህ ሥራ ከብረት አይሻልም። ጥቁር ቀለም ያለው ቱቦ ሁሉ ካርቦን ባይሆንም በኦሚሜትር ጫፉን ፋቅ አድርጎ መለካት አይጎዳም። ፋይበርግላስ ካላገኛችሁ በደንብ የደረቀ የባሕር ዛፍ አጣና ወይም ቀርከሃ ይሆናል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ከተቀባ። እርጥብ እንጨት ግን ኃይል ይበላል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ስለዚህ ከመቆረጡ ቀጥሎ ባለው ሳምንት አትስቀሉበት። የውሃ ፒቪሲ ቧንቧን አልመክርም። ሞገዱን አይረብሽም፤ ነገር ግን በራሱ ይጎብጣል፣ በፀሐይም ይሰባበራል። ውስጡ የእንጨት ዘንግ ካስገባችሁበት ለትንሽ የ435 አንቴና ሊያገለግል ይችላል።

አንቴናውን የሚይዙት ዩ ብሎኖች ብረት ቢሆኑ ችግር የለም። ከሞገዱ አንጻር አጭር ናቸው። ፋይበርግላሱን ግን በዳዶ አጥብቃችሁ አትስበሩት፤ በመካከሉ የጎማ ወይም የእንጨት ማስገቢያ አድርጉ።

ዘዴ ሐ፣ በጎን ማራቅ። ምሰሶው ላይ አግድም ክንድ ታስራላችሁ፣ አንቴናውን ክንዱ ጫፍ ላይ ትሰቅላላችሁ። ክንዱ ከዘንጎቹ ጋር በ90 ዲግሪ ስለሚገናኝ ብረት መሆን ይችላል። ርቀቱ ቢያንስ ግማሽ ሞገድ ይሁን፤ የበለጠ ቢሆን ይሻላል። ምሰሶው በአንድ ወገን ብቻ ስለሚቆም ጨረሩ ትንሽ ሊዘነብል ይችላል፣ ይህን ደረጃ 6 ላይ ትለኩታላችሁ። በሌላኛው ጫፍ የ435 አንቴና ከሰቀላችሁ ክብደቱም ይመጣጠናል፣ ሁለት ባንድም ታገኛላችሁ።

ይህ ዘዴ የሚያምረው ግን ሁለት ተመሳሳይ ያጊዎችን ጎን ለጎን ስታደርጉ ነው። የመካከላቸውን ርቀት ለማግኘት የአንዱን አንቴና የጨረር ስፋት በዲግሪ ውሰዱ፣ ግማሹን ሳይን አድርጉ፣ በሁለት አባዙ፣ የሞገዱን ርዝመት ለውጤቱ አካፍሉ። ስፋቱ 50 ዲግሪ ቢሆን 1.18 ሞገድ ይመጣል፤ በ145 ሜጋኸርዝ ወደ 2.45 ሜትር ነው። ምሰሶው መሃል ላይ ሲቆም ከእያንዳንዱ ከ1.2 ሜትር በላይ ይርቃል፣ ግራና ቀኙም እኩል ስለሆነ ጨረሩ አይዘነብልም። ትርፉም እስከ 3 ዴሲቤል የሚጠጋ ነው።

ዘዴ መ፣ በ45 ዲግሪ ማጋደል። ዘንጎቹ ሰያፍ ሲሆኑ ምሰሶው የሚያገኘው መስክ ይቀንሳል፣ ከቁምም ከአግድምም ጋር በ3 ዴሲቤል ኪሳራ ትሠራላችሁ። ለሬፒተር ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ኪሳራ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። የሳተላይት ሰዎች ግን ሁለት ዓይነት ዘንግ በአንድ ቡም ላይ ያለውን ያጊ እንደ መደመር ምልክት ሳይሆን እንደ ማባዣ ምልክት አጋድለው የሚሰቅሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ዘንግ ከምሰሶው ጋር ፍጹም ትይዩ እንዳይሆን። በነገራችን ላይ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ145.800 የሚመጣውን ድምፅ በእጃችሁ በያዛችሁት ያጊ የምትሰሙ ከሆነ ምሰሶ የላችሁም፣ የእጃችሁን አንጓ ማዞር ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ኬብሉን በትክክል አውርዱ

ብዙ ተከላ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰውዬው ውድ ፋይበርግላስ ገዝቶ ተክሎ፣ ኮአክሲያል ኬብሉን በዚያው በፋይበርግላሱ ላይ በናስትሮ አስሮ ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል። ከፕላስቲኩ ሥር ያለው የኬብሉ ሽፋን መዳብ ወይም አሉሚኒየም ነው። ከዘንጎቹ ጋር ትይዩ፣ በመካከላቸው፣ በቁም። የብረት ምሰሶው በሌላ ስም ተመለሰ።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ኬብሉን ከሚገናኝበት ዘንግ ጀምራችሁ በቡሙ ላይ እያሰራችሁ ወደ ኋላ ውሰዱት፤ ቡሙ ለዘንጎቹ መስቀለኛ ስለሆነ እዚያ ላይ ያለ ኬብል አይረብሽም። ከሪፍሌክተሩ አልፎ ሩብ ሞገድ ያህል ከሄደ በኋላ በሰፊ ቅስት ወደ ምሰሶው መልሱት። ምሰሶውን የሚያገኘው ብረቱ በሚጀምርበት ከፍታ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ከዚያ በታች ያለው የኬብል ክፍል በብረቱ ላይ ቢታሰር ግድ የለም። በዘዴ ሀ ይህ ሁሉ በራሱ ይሆናል፤ ዘዴውን የምወደውም ለዚህ ነው።

ኬብሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አጠገብ ለቪኤችኤፍ (145 ሜጋኸርዝ ላለበት ክልል) የሚሆኑ ጥቂት የፌራይት ቀለበቶች አስገቡበት። በሽፋኑ ውጭ ሊፈስ የሚፈልገውን ጅረት ያፍኑታል። ጨረርን ከማስተካከል በተጨማሪ በከተማ ውስጥ ከርካሽ ቻርጀሮችና ከኤልኢዲ አምፖሎች የሚመጣውን ጩኸት ይቀንሳሉ።

የኬብሉ ቅስት ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ውሃ ተንጠባጥቦ እንዲወድቅ አድርጉ፤ ማገናኛውን ራሱን በሚጣበቅ ላስቲክ፣ ከላዩ በናስትሮ ጠቅልሉት። የኬብሉን ሽፋን ከብረቱ ምሰሶ ግርጌ ከመሬት ጋር በወፍራም መዳብ አገናኙ። ፋይበርግላስ ጫፍ ከመብረቅ አያድንም። ምሰሶው ሲነሳም ሲወድቅም ከኤሌክትሪክ መስመር የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ ይህ ካልተሟላ ቀሪው አይጀመር።

ደረጃ 5፦ ኤስደብሊውአሩን ለኩ፣ ግን አትመኑት

መጀመሪያ አንቴናውን ከምሰሶው ውጪ፣ ደረቅ እንጨት ላይ፣ ከመሬት ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በናኖቪኤንኤ (ኤስደብሊውአርን በየሜጋኸርዙ በኩርባ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ) ለኩ። ዝቅተኛው ነጥብ በስንት ሜጋኸርዝ እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ በቦታው ከሰቀላችሁት በኋላ በዚያው ኬብል ድገሙት። ዝቅተኛው ነጥብ ከአንድ ሜጋኸርዝ በላይ ከተንቀሳቀሰ ወይም ኩርባው ቅርጹን ከለወጠ ምሰሶው ወይም ኬብሉ ከአንቴናው ጋር ተጣምሯል። መፍትሔው ዘንጉን መቁረጥ አይደለም። ዘንጉን ብትቆርጡ መለኪያውን ታስደስታላችሁ እንጂ የዳይሬክተሮቹን ጅረት አትመልሱም። ርቀቱን ጨምሩ።

ኩርባው ምንም ካልተለወጠስ? መልካም ምልክት ነው፣ ማስረጃ ግን አይደለም። መለኪያው የሚያየው በኬብሉ ጫፍ ያለውን ነገር ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ዳይሬክተር አጠገብ ያለ ምሰሶ ከዚያ ሩቅ ስለሆነ ቁጥሩን ሳይነካ ጨረሩን ሊያጣምም ይችላል።

ደረጃ 6፦ ጨረሩን ለኩ

አንድ ፈቃድ ያለው ጓደኛ የእጅ ሬዲዮ ይዞ በዓይን ከሚታይ ቦታ፣ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ይቁም። አዲስ አበባ ያላችሁና ሰው የምትፈልጉ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ ጠይቁ። ጓደኛችሁ ሬዲዮውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በዝቅተኛ ኃይል፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ ያሰራጭ። እናንተ ትቀበላላችሁ። አንቴና ሲቀበልና ሲያሰራጭ ጨረሩ አንድ ነውና በመቀበል የለካችሁት ለማሰራጨትም ያገለግላል።

የኤፍኤም ሬዲዮ የሲግናል መለኪያ ለዚህ አይሆንም፣ ከትንሽ ሲግናል በኋላ እስከ ጥግ ይሞላል። በዩኤስቢ የሚሰካውን ትንሽ ኤስዲአር (በኮምፒውተር ሶፍትዌር የሚሠራ መቀበያ) ተጠቀሙ። አውቶማቲክ ጌኑን (የማጉያውን መጠን በራሱ የሚቀይረውን) አጥፉና በአንድ ቁጥር ላይ አቁሙት፤ አለዚያ ሶፍትዌሩ ራሱ ልዩነቱን ያጠፋዋል። አንቴናውን በየ15 ዲግሪው እያዞራችሁ በዴሲቤል የሚታየውን ጻፉ። ክብ ሥሉና ነጥቦቹን አስቀምጡ።

ስታነቡት መጀመሪያ ትልቁ ቁጥር ቡሙ ወደ ጓደኛችሁ ሲያመለክት መምጣቱን እዩ። በዘዴ ሐ አሥር ዲግሪ ያህል ዞሮ ቢገኝ የማዞሪያ ሞተሩን አቅጣጫ በዚያው ልክ አርሙና እለፉት። ከዚያ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አወዳድሩ፤ ከ2 ወይም ከ3 ዴሲቤል በላይ ከተለያዩ በአንድ ወገን የሚረብሽ ነገር አለ። ቀጥታ ፊት ለፊት ከሁለቱ ጎኖች ያነሰ ከሆነ ምሰሶው ወይም ኬብሉ በዘንጎቹ መካከል እየሠራ ነው፣ ወደ ደረጃ 3 እና 4 ተመለሱ። የፊትና የኋላ ልዩነት አምስት ዘንግ ላለው አንቴና ብዙ ጊዜ ከ15 ዴሲቤል በላይ ነው፤ 6 ወይም 7 ካገኛችሁ ሪፍሌክተሩ አካባቢ ያለውን ብረት ተጠራጠሩ። ነገር ግን በቆርቆሮ ጣሪያ በተሞላ ሰፈር ውስጥ ከኋላ የሚታየው ሲግናል ከጎረቤት ሕንፃ ተንጸባርቆ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጓደኛችሁ ሌላ ቦታ ሄዶ ቢያሰራጭ ይለያል፦ ምሰሶው የሚያመጣው ጉድለት ከአንቴናው ጋር አብሮ ይዞራል፣ የሕንፃው ግን አይዞርም።

ከመትከላችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ማየት ለምትፈልጉ

ፎርኔክቱ፣ ኤማና-ጋል ወይም ኢዜድኔክ የተባሉት የአንቴና ማስያ ፕሮግራሞች ዘንጎቹን በሽቦነት ያስገባሉ፤ ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ። የአንቴናውን ልክ አስገቡና ብቻውን አስሉት፤ ከዚያ ምሰሶውን እንደ አንድ ተጨማሪ ቋሚ ሽቦ ጨምሩ፣ ቢያንስ ሦስት አራት ሜትር ወደ ታች። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ አሥር ያህል ክፍልፋይ ስጡት። የምሰሶውን ቦታ ከሪፍሌክተሩ ኋላ እየጀመራችሁ በየ10 ሴንቲሜትሩ ወደፊት አንቀሳቅሱና ጨረሩ እንዴት እንደሚለወጥ ተመልከቱ። የምሰሶው ሽቦ ከየትኛውም ዘንግ ጋር እንዳይነካካ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ከተነካካ ፕሮግራሙ እንደተበየደ ይቆጥረዋል። ኬብሉንም ሌላ ሽቦ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ በመካከል፣ አንድ ጊዜ በኋላ በኩል አውርዱት፤ ደረጃ 4 ላይ የተባለውን በስክሪን ታዩታላችሁ።

ከተከላው በኋላ

ፋይበርግላስ በፀሐይ ላይኛው ሽፋኑ እየተበላ ቃጫው ይወጣል፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ይህ ይፈጥናል። ከመስቀላችሁ በፊት ብረት የሌለበት የውጭ ቀለም ቀቡት፤ የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበትን ብርማ ቀለም ተዉት። ክረምቱ ሲያልፍ ዩ ብሎኖቹን ዳግም አጥብቁ፣ ቡሙ በነፋስ ዞሮ ዘንጎቹ ከቁም ዘንበል ብለው እንደሆነ ከታች በቱምቢ ተመልከቱ፣ የናኖቪኤንኤውን ኩርባ ከመጀመሪያው ቀን ኩርባ ጋር አስተያዩ። ዝቅተኛው ነጥብ ወደ ታች ወርዶ ካገኛችሁት ብዙ ጊዜ ማገናኛው ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ መጀመሪያ እሱን ፈታችሁ እዩ።